ክርስቲያናዊ የፍርድ ቤት ልብ አንጠልጣይ፦ አንባቢን ስለሚያከራክሩ ነገሮች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ዓይነቱ ልብ ወለድ ከሌላው የፍርድ ቤት ልብ ወለድ በምን ይለያል?

አጥንቱ አንድ ነው፦ ክስ፣ ጠበቃ፣ ምስክር፣ የተደበቀ ሰነድ፣ መጨረሻ ላይ ውሳኔ። ልዩነቱ ከችሎቱ ጎን ሌላ ሙግት መኖሩ ነው። ጠበቃው ወይም ተከሳሹ ከእምነቱ ጋር ይሟገታል፤ ይቅር ልበል ወይስ ልበቀል፣ እውነቱን ልናገር ወይስ ክሱን ላሸንፍ እያለ። አብዛኛው መጽሐፍ የሚወጣው ከአሜሪካ ነው። አሳታሚዎቹ ዞንደርቫን፣ ቶማስ ኔልሰን፣ ቲንደል እና ቤተኒ ሐውስን የመሳሰሉ ሲሆኑ፣ ዞንደርቫንን በ1988፣ ቶማስ ኔልሰንን በ2012 ሃርፐርኮሊንስ ገዝቷቸዋል። (እዚህ ገጽ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስድብና የመኝታ ቤት ትዕይንት አይገባባቸውም፤ ግድያ ግን ይገባል። ከደራሲዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ጠበቆች ስለሆኑ ችሎቱ ሲገለጽ የባለሙያ እጅ ይታይበታል። ስብከቱ ሲገለጽ ሁልጊዜ አይታይም።

"ስብከት በዝቶበታል" የሚለው አስተያየት መቼ ነው ልክ የሚሆነው?

ከቅሬታዎች ሁሉ ቀዳሚው ይሄ ነው። ብዙ ጊዜ ቅሬታው ትክክል ነው፤ የሚሳሳተው ምክንያቱ ነው። አንባቢ "ጸሎቱ በዛ" ይላል። መጽሐፉን የሚሰብረው ግን የጸሎቱ ብዛት ሳይሆን ጸሎቱ የማስረጃን ሥራ ሲሠራ ነው።

ሁለት አካሄድ እናነጻጽር። ልጇ በመኪና አደጋ የሞተባት እናት ከሳለች እንበል። በአንደኛው ጠበቃዋ እጇ ላይ ምንም የላትም፤ ማታ ትንበረከካለች፤ ጠዋት ስልኳ ይጮኻል፤ ማንም ያላወቀው የዓይን ምስክር "ኅሊናዬ እንቅልፍ ነሣኝ" ብሎ ከተፍ ይላል። በሁለተኛውም ትንበረከካለች፤ ጠዋት ግን ምንም የለም። ተነሥታ ተቃራኒው ወገን እንዲያስረክብ የተገደደውን አርባ ካርቶን ሰነድ ታገላብጣለች። ሠላሳ ሦስተኛው ካርቶን ውስጥ ቀኑ ተፍቆ እንደገና የተጻፈበት የፍሬን ጥገና ደረሰኝ ታገኛለች። አማኝ አንባቢ "እግዚአብሔር በሁለቱም አለ" ሊል ይችላል፤ መብቱ ነው። ልቡ የሚንጠለጠለው ግን በሁለተኛው ነው፤ ደረሰኙ ከመጀመሪያው እዚያው ነበርና። እሷ ባታየው ኖሮ የሟች እናት ባዶ እጇን ትመለስ ነበር።

ሌላው ምልክት ንግግሩ ነው። ፓስተሩ ገጽ ተኩል ያህል ይናገራል፤ ተጠራጣሪው ሰው ደግሞ "እንዲህ አስቤው አላውቅም" ብሎ ዝም ይላል። ከልቡ የሚጠራጠር ሰው እንዲያ በቀላሉ አይረታም። ደራሲው ለኢ-አማኙ ጠበቃ ጥሩ መከራከሪያ ሰጥቶታል ወይስ መጥፎ ጠባይ ብቻ? የሚያጨስ፣ ሚስቱን የሚበድል፣ ቀልዱ የማያስቅ ሰው ብቻ ካደረገው አንባቢ ሲያኮርፍ እውነቱን ነው።

ተቃራኒው ቅሬታም አለ፦ "ክርስቲያናዊ የተባለው ለስሙ ነው።" ይህን መፈተን ይቀላል። የቤተ ክርስቲያኑን ትዕይንቶች በሐሳብዎ ቆርጠው ያውጡ። ጠበቃው ያለ እነሱም በክሱ ላይ ያንኑ ውሳኔ የሚወስን ከሆነ እምነቱ ቀለም ነው፣ ግድግዳ አይደለም።

ሕግ አልተማርኩም። የፍርድ ቤቱ ክፍል ትክክል መሆን አለመሆኑን በምን አውቃለሁ?

ሁሉንም ማወቅ አያስፈልግም። ስሕተቶቹ ጥቂት ቦታዎች ላይ ይደጋገማሉ።

ድንገተኛ ምስክር፦ በአሜሪካ ሁለቱ ወገኖች ከችሎቱ በፊት ሰነድና የምስክር ዝርዝር ይለዋወጣሉ፤ በፍትሐ ብሔር ክስ ይህ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል። በመጨረሻው ቀን በሩን ከፍቶ የሚገባ ምስክር ካለ ተቃራኒው ጠበቃ ይነሣል፤ ዳኛውም ወይ ይከለክላል ወይ ቀጠሮ ይሰጣል። መጽሐፉ ውስጥ ማንም ካልተነሣ ያ ስሕተት ነው። ዐቃቤ ሕግ ለተከሳሽ የሚጠቅም ማስረጃ ደብቆ ተገኘ የሚለው ሴራ ግን ጠንካራ መሠረት አለው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1963 ብራዲ በሜሪላንድ ላይ በተባለው ጉዳይ እንዲህ ያለውን ማስረጃ ማስረከብ ግዴታ ነው ብሏል። ከፍርድ በኋላ ሲታወቅ የሚከተለው በአብዛኛው አዲስ ችሎት ነው። ተከሳሹ እዚያው ቆሞ ካቴናው ተፈትቶለት ወደ ቤቱ አይሄድም።

ጠበቃው ራሱ ምስክር ሲሆን፦ ጠበቃው የግድያው ቦታ ነበር፣ ወይም ገዳዩ ሲናገር ሰምቷል። በአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር የአርአያ ደንብ 3.7 መሠረት፣ ወሳኝ ምስክር ሊሆን የሚችል ጠበቃ በዚያው ችሎት በጥብቅና አይቆምም፤ ያሉት ልዩ ሁኔታዎች ጥቂት ናቸው። ለሴራው ማሞቂያ ሲባል ከሁሉ በላይ የሚጣሰው ደንብ ይሄ ነው፤ የሕግ ሰዎች አንድ ኮከብ የሚቀንሱትም እዚህ ጋ ነው።

በነጻ ከተሰናበተ በኋላ መናዘዝ፦ ተከሳሹ ነጻ ይወጣል፤ ደረጃው ላይ ቆሞ ለጠበቃው "እኔ ነኝ" ይለዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ያደገ አንባቢ "ዐቃቤ ሕጉ ይግባኝ አይልም እንዴ?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እኛ ጋ ይላል። አሜሪካ ውስጥ ግን ጁሪ (ከሕዝብ ተመርጠው የሚፈርዱ ሰዎች) ነጻ ያለውን ሰው ዐቃቤ ሕግ በይግባኝ ሊመልሰው አይችልም፤ በዚያው ወንጀል ዳግም አለመከሰስ የሕገ መንግሥቱ አምስተኛ ማሻሻያ ነው። ስለዚህ ያ ትዕይንት የሕግ ቀዳዳ የለበትም። ጠበቃው ከዚያ በኋላ እንዴት ይተኛል የሚለው ነው መጽሐፉ የሚመልሰው።

መስቀለኛ ጥያቄ፦ ደራሲው ችሎት ያውቃል አያውቅም የሚለው እዚህ ይለያል። ተቃራኒ ምስክርን የሚጠይቅ ጠበቃ መልሱን ራሱ ይዞ ነው የሚመጣው፦

"ሌሊት ሰባት ሰዓት ነበር፤ አይደለም?"
"አዎ።"
"የመንገዱ መብራት ከተቃጠለ ሁለት ሳምንት አልፎት ነበር፤ አይደለም?"
"አዎ።"
"መነጽርዎን አላደረጉም።"
"አላደረግሁም።"

እዚህ ጋ ጎበዝ ጠበቃ ይቀመጣል። ጀማሪው ግን ጣፈጠውና አንድ ይጨምራል፦ "ታዲያ ፊቱን እንዴት አዩት?" ምስክሩም "ፊቱንማ አላየሁም። የእኅቴ ልጅ ነው፤ በአረማመዱ አውቀዋለሁ" ይላል። ክሱ ተበላሸ። ይህቺን አራተኛ ጥያቄ የሚያውቅ ደራሲ ይታመናል። መጽሐፉ ውስጥ ያለው መስቀለኛ ጥያቄ ሁሉ ምስክር እያለቀሰ በመናዘዝ የሚያልቅ ከሆነ ደራሲው ችሎቱን ያየው በቴሌቪዥን ነው።

ጠበቃው መጽሐፍ ቅዱስ እየጠቀሰ ጁሪውን ያሳምናል። ይህ ይፈቀዳል?

ብዙ አንባቢ የሚወድደው ትዕይንት ነው፤ በሕጉ በኩል ግን ስስ ነው። በ1975 ሥራ ላይ በዋለው የፌዴራል ማስረጃ ደንብ ቁጥር 610 መሠረት የምስክርን ሃይማኖታዊ እምነት ተአማኒነቱን ለመንካትም ሆነ ለመደገፍ በማስረጃነት ማቅረብ አይቻልም። "ይህች ምስክር ዲያቆን ናት፤ ስለዚህ አትዋሽም" የሚል ጥብቅና በዚህ ደንብ ይወድቃል። "እምነት የለውም፤ ስለዚህ ቃሉ አይታመንም" የሚለውም እኩል ይወድቃል። ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ ተከራካሪ በሆነችበት ክስ ግን ምስክሩ የእሷ አባል መሆኑን መጠየቅ ይቻላል፤ ያ የጥቅም ዝምድና ጉዳይ ነው። በሰባኪ ላይ በቀረበ የካሳ ክስ የሚያጠነጥኑ ልብ ወለዶችን ሲያነቡ ይህን ልዩነት ይያዙት።

ከእውነተኛ ፍርዶች ሁለቱን ማወቅ በቂ ነው። በ1991 የፔንሲልቬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ዐቃቤ ሕጉ በመዝጊያ ንግግሩ ነፍሰ ገዳይ ይገደል የሚለውን ቃል ከመጽሐፍ ቅዱስ ስለጠቀሰ የሞት ቅጣቱን ሽሮታል። በ2005 ደግሞ የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ3 ለ 2 ድምፅ ሌላ የሞት ቅጣት ሻረ፤ ምክንያቱ ጁሪዎቹ ሲመክሩ መጽሐፍ ቅዱስ ማማከራቸው ነበር፤ ከጥቅሶቹ መካከል "ዓይን ስለ ዓይን" ይገኝበታል። ጁሪ ያደገበትን እምነት በልቡ ይዞ መግባቱን ፍርድ ቤቱ አልከለከለም። የከለከለው ከችሎት ውጭ የመጣ ጽሑፍ ጁሪዎቹ ወደሚመክሩበት ክፍል መግባቱን ነው። ስለዚህ የመዝጊያ ንግግሩ በጥቅስ የተሞላበትን ልብ ወለድ ሲያነቡ "የሌላኛው ወገን ጠበቃ ለምን አልተነሣም?" ብሎ መጠየቅ ጥርጣሬ ወይም የእምነት ማነስ አይደለም። የዘውጉ ብልህ ደራሲዎች ተቃውሞውን ራሱን ትዕይንት ያደርጉታል፤ ዳኛው ያስቆማል፣ ጠበቃዋም ያለ ጥቅስ ለመናገር ትገደዳለች፤ ንግግሯ የሚያምረውም ያኔ ነው።

ጁሪ የሚባለውን በደንብ አላውቀውም። ምን ልያዝ?

በኢትዮጵያም በእስራኤልም የሚወስኑት ዳኞች ናቸው፤ ስለዚህ ብዙ የአማርኛ አንባቢ ዳኛው ሲቆጣ ክሱ የተበላሸ ይመስለዋል። አሜሪካ ውስጥ ዳኛው ሕጉን ይመራል፤ እውነቱን የሚፈርዱት ከሕዝብ የተመረጡ ሰዎች ናቸው። በፌዴራል የወንጀል ችሎት ቁጥራቸው 12 ነው። እንደ ፍሎሪዳ ባሉ ግዛቶች የሞት ቅጣት በማያስከትሉ ወንጀሎች 6 ሊሆኑ ይችላሉ። ከ2020 ወዲህ በከባድ ወንጀል ጥፋተኛ ለማለት በሁሉም ግዛት ሙሉ ስምምነት ግዴታ ነው፤ አንድ እንቢተኛ ብቻውን ውሳኔውን ያስቀራል። በካሳ ክስ የማስረጃው ሚዛን ዝቅ ይላል፤ የከሳሹ ማስረጃ በጥቂቱም ቢሆን ማመዘኑ ይበቃል። አንድ ሰው በወንጀል ነጻ ወጥቶ በዚያው ድርጊት ካሳ ክፈል ቢባል መጽሐፉ አልተሳሳተም።

ለፓስተሩ የተናዘዘውን ነገር ፍርድ ቤት ማስገደድ ይችላል?

የብዙ ሴራዎች ማጠንጠኛ ነው። ሃምሳዎቹም ግዛቶች ለሃይማኖት አባት በምስጢር የተነገረን ቃል በሕግ ይጠብቃሉ፤ ስፋቱ ግን ይለያያል። የሚጠበቀው ሰውየው መንፈሳዊ ምክር ፈልጎ ብቻውን ሲናገር ነው። ሦስተኛ ሰው ተቀምጦ ከሰማ፣ ወይም ንግግሩ ጎልፍ ሜዳ ላይ የተደረገ የወዳጅ ጨዋታ ከሆነ መከላከያው ይላላል። በልጆች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን በተመለከተ አንዳንድ ግዛቶች ጥበቃውን አንሥተውታል። የንስሐ አባት ያለው ኦርቶዶክሳዊ አንባቢ እዚህ ጋ ከፕሮቴስታንቱ በተለየ ስሜት ያነባል፤ ለአንዱ ምስጢረ ንስሐ ነው፣ ለሌላው የምክር ክፍል ውይይት። አስተያየት ሲነበብ ይህ ልዩነት መታወስ አለበት።

የጠበቃ ምስጢር ሌላ ነው። ደንበኛው ትናንት የገደለውን ቢነግረው ጠበቃው በምስጢር ይይዘዋል። ነገ እገድላለሁ ቢለው፣ የሰው ሕይወት ለማዳን ሲባል መናገር በአርአያ ደንቡ ይፈቀዳል። ደንበኛው በመሐላ ሊዋሽ እንደሆነ ካወቀ ደግሞ ያንን የሐሰት ቃል ማቅረብ አይችልም። ዘውጉ ውስጥ ያሉት ምርጥ ገጾች በእነዚህ ሦስቱ መካከል ያለችው ጠባብ መንገድ ላይ የተጻፉ ናቸው።

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የዚህ ዘውግ አባት አለ?

መጽሐፈ ሶስና። ሁለት ሽማግሌዎች በሐሰት ይመሰክሩባታል፤ ሞት ይፈረድባታል፤ ዳንኤል ሁለቱን ይለያያቸውና "ከየትኛው ዛፍ ሥር አየሃት?" ብሎ ለየብቻ ይጠይቃል። አንዱ አንድ ዛፍ ጠራ፣ ሌላው ሌላ። ምስክሮችን ለያይቶ መስማት ዛሬ በአሜሪካ የማስረጃ ደንብ ቁጥር 615 ላይ ተጽፎ ይገኛል። ልብ ይበሉ፦ ሶስና ጮኻ ጸልያለች፤ እግዚአብሔርም ሰምቷል ይላል ጽሑፉ፤ ሐሰቱ የተገለጠው ግን በጥያቄ ነው። ኦርቶዶክሳውያን አንባቢዎች መጽሐፉን በቀኖናቸው ስላገኙት ከሌላው ቀድመው ይጠቅሱታል። የፕሮቴስታንት ወገን በ66ቱ ውስጥ ቢፈልግ የናቡቴን ችሎት በ1ኛ ነገሥት 21፣ የጳውሎስን ይግባኝ በሐዋርያት ሥራ 25 ያገኛል።

የእኛው በላ ልበልሃም በዚህ መነሣቱ አይቀርም። እሱ ላይ ያደገ ጆሮ ረጅምና ቅኔ አዘል የመዝጊያ ንግግር ይወድዳል፤ አጭሩ ጥያቄና መልስ ደረቅ ይሆንበታል። የጣዕም ጉዳይ ነው። አስተያየትዎ ላይ ግን "ክርክሩ ቀዘቀዘ" ከማለትዎ በፊት ያስቡበት።

ኮከቦቹን እንዴት ላንብብ?

አምስቱንና አንዱን ይለፏቸው፤ ከሦስት ኮከብ ይጀምሩ። ሦስት የሰጠ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምን እንደወደደና የት ገጽ ላይ እንደተቋረጠበት ይጽፋል። መጽሐፉ በወጣበት ሳምንት የሚወጡ አስተያየቶች ውስጥ "መጽሐፉን ከአሳታሚው በነጻ አግኝቻለሁ" የሚል መስመር ይፈልጉ። ይህ በአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን መመሪያ መሠረት መገለጽ ያለበት ነገር ነው። ሐሰተኛ ናቸው ማለት ሳይሆን ዘውጉን አስቀድመው የሚወድዱ ናቸው ማለት ነው። ተከታታይ ከሆነ ደግሞ ሦስተኛው ቅጽ ከመጀመሪያው ከፍ ያለ ኮከብ ቢኖረው አይገረሙ፤ ያልወደዱት ቀደም ብለው ወርደዋል።

አንድ ኮከብ ላይ ከሚደጋገሙት አንዱ "ክርስቲያናዊ መሆኑን ሳላውቅ ገዛሁት" የሚለው ነው፤ በተለይ የኤሌክትሮኒክ ቅጂው በነጻ የተለቀቀ ሰሞን። ይህ ስለ ሽያጩ እንጂ ስለ መጽሐፉ አይናገርም። "የክሪስቲ ሽልማት አሸናፊ" የሚል ጽሑፍ ሽፋኑ ላይ ካለ ደግሞ፣ በ1999 የተመሠረተና ለክርስቲያናዊ ልብ ወለድ ብቻ የሚሰጥ ሽልማት ነው፤ የሕጉን ክፍል አረጋግጧል ማለት አይደለም።

የራሴን አስተያየት ስጽፍ መጨረሻውን ሳልናገር እንዴት ልጠቅም?

ከ150 እስከ 250 ቃል ይበቃል። የታሪኩን ማጠቃለያ ከመጀመሪያው ሩብ አያሳልፉ፤ ክሱ ምን እንደሆነ፣ ማን ማንን እንደከሰሰ፣ ጠበቃው ምን እንደሚያጣ። ከዚያ ሦስቱን ለየብቻ ይመዝኑ፦ ሕጉን፣ እምነቱን፣ አንባቢን ጥርቅም አድርጎ የመያዝ ኃይሉን። አንድ ላይ ሲፈጩ ነው አስተያየቱ የማይረባው።

"መጽሐፉ ደስ ይላል፤ ግን ስብከት አለው፤ መጨረሻው አልተመቸኝም" ማንንም አይረዳም። ይህን ይሞክሩት፦ "እስከ ጁሪ መረጣው ድረስ መጽሐፉን ማስቀመጥ አልቻልሁም። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ጠበቃው ከአባቱ ጋር የሚታረቅበት ምዕራፍ ክሱን ለስልሳ ገጽ ያቆመዋል። ወሳኙ ማስረጃ የተገኘው ማንም ሳይፈልገው ነው።" መጨረሻው አልተነገረም፤ አንባቢው ግን የት እንደሚሰለች ያውቃል።

በአማርኛ ስንወያይ የትኞቹ ቃላት ያደናግራሉ?

"ፍርድ" ዋነኛው ነው። ጁሪው ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም የሚለው አንድ ነገር፣ ዳኛው ስንት ዓመት የሚለው ሌላ ነገር ነው፤ በመካከላቸው ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። "የጥፋተኝነት ውሳኔ" እና "የቅጣት ውሳኔ" ብሎ መለየት ይሻላል። ሁለተኛው፣ ጁሪ "ጥፋተኛ አይደለም" ሲል "ንጹሕ ነው" ብለው አይተርጉሙት። አልተረጋገጠበትም ማለት ብቻ ነው፤ የብዙ መጽሐፍ ሁለተኛ አጋማሽ የቆመውም በዚህ ክፍተት ላይ ነው። የሌላ ሰው ወሬ ይዞ መመስከር "የስሚ ስሚ" ይባላል፤ ዳኛው ተቃውሞን ሲቀበል "ተቃውሞው ተቀባይነት አለው"፣ ሳይቀበል "ውድቅ ነው" ማለት ይበቃል። አማርኛ የሚታደልበትም ቦታ አለ፦ በ1ኛ ዮሐንስ 2፡1 ላይ ያለው "ጠበቃ" እና ችሎት የሚቆመው ጠበቃ አንድ ቃል ናቸው፤ የእንግሊዝኛው አንባቢ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለሁለቱ ሁለት ቃል ነው ያለው።

ለንባብ ክበብ እንዴት እንከፋፍለው?

ወደ 400 ገጽ ለሚጠጋ መጽሐፍ አራት ስብሰባ ይበቃል። የመጀመሪያው ክሱ እስኪመሠረት፣ ሁለተኛው ጁሪ እስኪመረጥ፣ ሦስተኛው እስከ መዝጊያ ንግግሮቹ ማብቂያ። እዚያ ላይ መጽሐፉን ይዝጉ። ውሳኔው የሚነበብበትን ገጽ አስተባባሪው በወረቀት መያዣ ይቆልፈው፤ ቀድሞ የጨረሰ ካለ ያን ቀን ድምፅ አይሰጥም። እያንዳንዱ ሰው ቁራጭ ወረቀት ላይ "ጥፋተኛ" ወይም "ጥፋተኛ አይደለም" ብሎ ይጽፍና ከሥሩ የወሰነለትን አንድ ማስረጃ በገጽ ቁጥር ያስቀምጣል። የገጽ ቁጥር የሌለው ወረቀት አይቆጠርም። ከተከፋፈላችሁ ሠላሳ ደቂቃ ተከራከሩና እንደገና ድምፅ ስጡ፤ ማን በየትኛው ማስረጃ ሐሳቡን እንደቀየረ ይመዝገብ። አራተኛው ስብሰባ ላይ ከመጽሐፉ ጁሪ ጋር አነጻጽሩት። እናንተ ያላያችሁትን ማስረጃ ይዞ ከመጣ ደራሲው ደብቆባችኋል ማለት ነው፤ ያ ደግሞ አስተያየታችሁ ላይ መጻፍ ያለበት ነገር ነው።